ከመልሱ ፊደል በስተጀርባ፦ ለነርስ ተማሪዎች የሚዘጋጁ የፈተና ጥያቄ ስብስቦች ሲመዘኑ

በጤና ሳይንስ ኮሌጆች አካባቢ በሚገኙ ፎቶ ኮፒ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ከዓመት ዓመት የማይጠፋ አንድ ዓይነት ጥራዝ አለ። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ጀርባው በስቴፕለር ተይዟል፤ የአዘጋጁ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝበትም። በውስጡ ከጥቂት መቶዎች አንሥቶ እስከ ሺህ የሚደርሱ የምርጫ ጥያቄዎች ታጭቀዋል፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች ደግሞ «1 ቢ፣ 2 ዲ፣ 3 ኤ» እየተባለ ቁጥርና ፊደል ብቻ ተደርድሯል። በቅርብ ዓመታት ይኸው ጥራዝ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፍ በመጀመሩ ለማግኘት ገንዘብም ድካምም አይጠይቅም።

ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ምዘና በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ከተደረገ ወዲህ፣ የነርስ ተማሪ በዓመታት ውስጥ የተማረውን በጥቂት ሳምንታት ለመከለስ ወደነዚህ ጥራዞች ፊቱን ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሌላ ነው። በአገራችን አንድ ልብ ወለድ ሲታተም ሐያሲ ይነሣለታል፤ የግጥም መድበል ሲወጣ ቤት መምታቱና መስበሩ ይመረመራል። ነገ በሕሙማን ደም ሥር መርፌ የሚያስገባውን እጅ የሚቀርጸው ይህ ጥራዝ ግን ሐያሲ አልተነሣለትም። ሐሰት የያዘ ገጽ ቢኖረው የሚጎዳው አንባቢው ብቻ ሳይሆን፣ መጽሐፉን ከቶ አይታው የማታውቅ እናት መሆኗ እየታወቀ፣ ማንም ሳይመዝነው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለመመዘን አንድ መለኪያ ይበቃል። የመልሱ ፊደል ከተረሳ በኋላ በተማሪው አእምሮና እጅ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው?

ለጥራዞቹ የሚገባው ምስጋና

ሒስ ከፍትሐዊነት ይጀምራል። ጥያቄን እየሠሩ ማጥናት በራሱ የተሳሳተ የጥናት ዘዴ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት የታወቀ ጥናት፣ ያነበበውን ራሱን እየጠየቀ የሚያስታውስ ተማሪ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ከሚያነብ ተማሪ ይልቅ ከቀናት በኋላ የተሻለ እንደሚያስታውስ አሳይተዋል። ጥያቄ የማያውቁትን ያጋልጣል፤ «አውቀዋለሁ» የሚለውን የሐሰት እርካታ ያፈርሳል። ከዚህም ሌላ ውድ የውጭ መጻሕፍትን መግዛት ለማይችል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለተራቆተበት ተማሪ እነዚህ ጥራዞች ብቸኛ ረዳት የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሽምደዳንም በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይሆንም። በአገራችን ነባር ትምህርት ቤት ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን በቃሉ ይይዛል፤ ይህ ግን የጉዞው መጀመሪያ ነው። ከንባብ ቤት ወጥቶ ወደ ትርጓሜ ቤት ሲሻገር በቃሉ የያዘውን ቃል መምህሩ ይፈታለታል፤ «ስለምን እንዲህ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ከነምሳሌው ይማራል። የፈተና ጥራዞቹ ጉድለት ተማሪውን በቃሉ እንዲይዝ ማድረጋቸው ላይ አይደለም። ንባብ ቤት አስገብተው የትርጓሜ ቤቱን በር መዝጋታቸው ላይ ነው።

ምክንያት የሌለው መልስ

በአብዛኛዎቹ ጥራዞች ውስጥ ከማይጠፉት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «የማግኒዚየም ሰልፌት ማርከሻ መድኃኒት የትኛው ነው?» መልሱ ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ ትክክልም ነው። ተማሪው ፊደሉን ያከብብና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ነገር ግን ማርከሻው የሚያስፈልገው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። የነርስ ሙያ ደግሞ አደጋው እንዳይደርስ በመጠበቅ ይለካል። በፕሪኤክላምፕሲያ ለተያዘች እናት በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ምን መታየት እንዳለበት የሚጠይቅ ገጽ በብዙዎቹ ጥራዞች ዘንድ አይገኝም፤ ቢገኝም ሦስት ነገሮችን በመዘርዘር ይቆማል፦ አተነፋፈሷ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ፣ የጉልበቷ ጅማት ሲመታ ምላሽ የሚሰጥ፣ ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ያላነሰ መሆን አለበት።

እነዚህ ሦስት መስፈርቶች ያለ ምክንያት ሲቀርቡ የስልክ ቁጥር ይመስላሉ፤ ከፈተናው ማግስት ይረሳሉ። ምክንያቱ ሲነገር ግን አንድ ታሪክ ይሆናሉ። ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው፤ ሽንት ካነሰ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም የነርቭንና የጡንቻን ግንኙነት ያደክማል፤ በቅድሚያ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል፤ መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። እንግዲህ ሽንት መጠራቀሙን አስቀድሞ የሚያስታውቅ፣ የጉልበት ምላሽ የመጀመሪያውን ጉዳት የሚጠቁም፣ አተነፋፈስ ደግሞ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚያረዳ ምልክት ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱን ቢረሳ እንኳ የሽንት መለኪያውን ሳያይ መርፌ አያነሣም። ማርከሻውን፣ ማለትም 10 በመቶ የሆነውን ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር፣ ከአልጋው አጠገብ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው።

ስሌቱም ከዚህ አይለይም። 50 በመቶ ጥንካሬ ያለው ማግኒዚየም በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ይይዛል። በደም ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያ መጠን 4 ግራም በ20 በመቶ ጥንካሬ በመሆኑ 8 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ከ12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ውስጥ በዝግታ መሰጠት አለበት። «4 ግራም» የሚለውን መልስ በትክክል ያከበበ ነገር ግን 8 እና 12ን ያላሰላ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል፤ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ግን መርፌውን ይዞ ይቆማል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በሊንዳ አን ሲልቬስትሪ የተዘጋጀውና በአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ተዘጋጆች ዘንድ የታወቀው የሳውንደርስ የክለሳ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ስለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሌሎቹም ስለምን እንደማይሆኑ ያብራራል። ከእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት የተቀዱ ጥያቄዎች በአገር ውስጥ ጥራዞች ሲባዙ ግን ገጽ ለመቆጠብ ሲባል ማብራሪያው ይቀርና ፊደሉ ብቻ ይተርፋል። ፍሬው ተጥሎ ገለባው ተከማቸ ማለት ነው።

ከቦታው የተነቀለ ቁጥር

ሁለተኛው ጉድለት ቁጥርን ከተገኘበት ሁኔታ ለይቶ ማቅረብ ነው። «ዲጎክሲን ከመስጠትህ በፊት የአዋቂው የልብ ምት ከስንት በታች ቢሆን መድኃኒቱን ታቆያለህ?» ለሚለው «ከ60» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን ምቱ የሚቆጠረው የት ላይ ነው? ለምን ያህል ጊዜ?

በኢትዮጵያ ዲጎክሲን ከሚወስዱት መካከል በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው የጠበበ ወጣቶች ይገኙበታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የልባቸው ምት ሥርዓት ያጣ ነው። እንዲህ ባለው ሕመምተኛ አንዳንዱ የልብ ምት ደካማ ስለሆነ እጅ አንጓ ድረስ አይደርስም። ነርሱ የእጁን ሥር ለ15 ሰኮንድ ይዞ በ4 ቢያባዛው 56 ሊያገኝ ይችላል፤ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሙሉ 1 ደቂቃ ቢቆጥር ግን ልቡ 90 ጊዜ እየመታ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ነርስ «ከ60 በታች» የሚለውን ሕግ አክብሮ መድኃኒቱን ያቆየዋል፤ ሕጉን በማክበሩም ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። ሕጉ ለሕፃናት የተለየና ከፍ ያለ ገደብ እንዳለው፣ ከዲጎክሲን ጋር የሚሰጠው ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን በማውረድ መመረዝን እንደሚያፋጥን፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ማቅለሽለሽ፣ ወይም ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት ቁጥሩ ሳይወርድም የመመረዝ ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጥራዙ አይናገርም።

የፈሳሽ ስሌትም በዚሁ መንገድ ይበላሻል። «1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቅና «42» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ትክክል የሚሆነው የማንጠባጠቢያው ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ ነው። 15 ጠብታ የሚሰጥ ቱቦ ከሆነ መልሱ 31 ነው። ይህ ቁጥር በቱቦው ማሸጊያ ላይ ታትሟል፤ ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይጠቀስም። «42» ብሎ የሸመደደ ተማሪ 15 ጠብታ በሚሰጥ ቱቦ ቢጠቀም በ8 ሰዓት መግባት የነበረበት ፈሳሽ በ6 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጠና ላለ ጎልማሳ ይህ ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ ልቡ ለደከመ ሕመምተኛ ግን ሳንባው ውኃ እንዲቋጥር ምክንያት ይሆናል። ተማሪው ከጥያቄው ሊማር ይገባው የነበረው ነገር 42 የሚለው ቁጥር ሳይሆን ማሸጊያውን ሳይጥሉ ማንበብ ነው።

የሌላ አገር ክፍል፣ የሌላ አገር አየር

ሦስተኛው ጉድለት ጥያቄዎቹ የሚኖሩበት ዓለም ነው። ከአሜሪካ ፈተና መጻሕፍት የተቀዳ ጥያቄ ከመልሱ ጋር የአሜሪካንን የሆስፒታል ክፍል ይዞ ይመጣል። በዚያ ክፍል ሐኪሙ በስልክ ይገኛል፤ «ሐኪሙን አሳውቅ» የሚለው አማራጭ ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በገጠር ጤና ጣቢያ በሌሊት ተረኛ የሆነው ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳውቀው ሐኪም በግቢው ውስጥ የለም። እሱ ራሱ መጀመር ያለበትን ሕክምና ጀምሮ፣ አምቡላንስ ጠርቶ፣ የማስተላለፊያ ወረቀቱን ጽፎ መላክ ይጠበቅበታል። «አሳውቅ» ብሎ የሠለጠነ አእምሮ በዚህ ቦታ ሲደርስ ውድ ደቂቃዎችን በመጠበቅ ያባክናል።

የሥራ ክፍፍልን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። የትኛው ሥራ ለረዳት ሠራተኛ፣ የትኛው ለባለፈቃድ ተግባራዊ ነርስ፣ የትኛው ለዋናው ነርስ እንደሚሰጥ የሚጠይቁት ጥያቄዎች ከአሜሪካ የሙያ ሕግ የተወለዱ ናቸው። ለስደት ወይም ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ፈቃድ ለማግኘት ለሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ነርስ ያስፈልጉታል፤ ለአገር ውስጥ ፈተና የሚዘጋጀው ግን በማያውቀው ሕግ ይደናገራል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ሆስፒታል ሕመምተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ጎኑን የሚያገላብጠው አስታማሚው መሆኑ እየታወቀ፣ አስታማሚ የሚለው ቃል በአንዱም ጥያቄ ውስጥ አይገኝም። ራሱን ለሳተ ሕመምተኛ አስታማሚው በፍቅር ተነሣሥቶ በማንኪያ አጥሚት ቢሰጠው ምን እንደሚደርስ፣ ይህንንም ነርሱ በምን ቃል ሊያስረዳው እንደሚገባ የሚጠይቅ ጥያቄ ለዚህ አገር ተማሪ ከብዙ የሥራ ክፍፍል ጥያቄዎች ይልቅ በጠቀመው ነበር።

አየሩም ሳይቀር የሌላ አገር ነው። በጥራዞቹ «የደም የኦክሲጂን ሙሌት ጤናማ መጠን ከ95 እስከ 100 በመቶ ነው» ይባላል። ይህ ለባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚኖር ጤነኛ ሰው ከዚህ ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ያው ቁጥር በቆላው በጋምቤላ ቢታይ ግን ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል። የደም ስኳር መለኪያም ሁለት ቋንቋ ይናገራል። በአንደኛው መለኪያ 70 የሚባለው ዝቅተኛ ወሰን በሌላኛው 3.9 ነው። ከመለኪያው መስኮት 3.2 ያነበበ ተማሪ ቁጥሩን በ18 አባዝቶ 58 መሆኑን ካላወቀ፣ በፊቱ የሚያልበውና የሚንቀጠቀጠው ሕመምተኛ ስኳሩ እንደወረደ ሳይገነዘብ ይቀራል።

ጊዜ ያለፈበት እውነት

አራተኛው ጉድለት ጥራዞቹ ዕድሜ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ሲባዙ ዓመተ ምሕረት አይጻፍባቸውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. ልቡ ለቆመ አዋቂ የሚደረገው የነፍስ ማዳን ቅደም ተከተል ከመተንፈሻ ቱቦ መጀመሩ ቀርቶ ከደረት መጫን እንዲጀመር ለውጧል፤ የድሮው ቅደም ተከተል ግን በአንዳንድ ጥራዞች እንደ ትክክለኛ መልስ ተከቦ ይገኛል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ለምትደማ እናት ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር በ3 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. መክሯል፤ ከዚያ ቀደም የተዘጋጀ ጥራዝ መድኃኒቱን በአማራጭ ውስጥ አስገብቶት ቢሆን እንኳ የተሳሳተ መልስ አድርጎ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ የተቀዳበት ምንጭ ራሱ መንገዱን መለወጡ ነው። የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተገለጠ የሚሄድ የሕመምተኛ ታሪክ አቅርቦ በአንዱ ታሪክ ላይ 6 ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ተፈታኙ በመጀመሪያ የሚያሳስበውን ምልክት ከማያሳስበው ይለያል፤ ምልክቶቹን ያዛምዳል፤ ሊሆን የሚችለውን በአስቸኳይነቱ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ መፍትሔ ያፈልቃል፤ ይፈጽማል፤ ውጤቱን ይገመግማል። ምንጩ ወደ ማመዛዘን ሲሻገር ቅጂው አሁንም በፊደል ማክበብ ላይ ይገኛል።

ሕመምተኛው የሚናገረው ቋንቋ

አምስተኛውና ምናልባትም ከሁሉም የጠለቀው ጉድለት ቋንቋን ይመለከታል። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ በአንድ ጥራዝ የሚለወጥ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን በጥያቄዎቹ ውስጥ ሕመምተኛው ራሱ ሲናገር አይሰማም። ምልክቶቹ ሁሉ ተተርጉመው፣ ተስተካክለው፣ የሕክምና ስም ወጥቶላቸው ይቀርባሉ። በክፍሉ ግን ሕመምተኛው «ስተኛ ያፍነኛል፤ ሁለት ትራስ ደርቤ ነው የማድረው» ይላል እንጂ የልብ ድካሙን ምልክት በስሙ አይጠራውም። ይህን ንግግር ሰምቶ ወደ ተማረው ቃል ማሻገር የነርሱ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በአንዱም ጥራዝ አልተለማመደውም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በነፍሰ ጡር ላይ ይከብዳል። የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ መጥታ «ሲስተር፣ ፀሐይ ላይ ውዬ ምች መታኝ መሰለኝ፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይላል፤ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ አልተሻለኝም» ብትል፣ በንግግሯ ውስጥ ስለ ደም ግፊት የተነገረ አንድም ቃል የለም። ምች የሚለውን ቃል ንቆ የሚያልፍ ነርስ አለ፤ ቃሉን ተቀብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ የሚሸኝም አለ። ሁለቱም የደም ግፊት መለኪያውን አልጠቀለሉም። «የከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሁለቱም በትክክል መልሰው ሊሆን ይችላል።

መልካም ጥያቄ ምን ይመስላል?

ሒስ ማፍረስ ብቻ ከሆነ ለጤና ባለሙያ አይጠቅምም። ከላይ የቀረበችው እናት የአንድ መልካም ጥያቄ መነሻ ልትሆን ትችላለች። ንግግሯ እንዳለ ይቀመጥ፤ የደም ግፊቷ 170/115 ሆኖ ተለካ ይባል፤ ጤና ጣቢያው ከሆስፒታል የ2 ሰዓት መንገድ ይርቃል ይባል። ከዚያም «በቅድሚያ የሚደረገው የቱ ነው?» ተብሎ አራት አማራጮች ይቅረቡ፦ የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥቶ ማሳረፍ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ግፊቷ እንዲለካ መቅጠር፤ ምንም ሳይሰጡ ወዲያውኑ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል መላክ፤ የመጀመሪያውን የማግኒዚየም መጠንና የደም ግፊት ማውረጃ ሰጥቶ፣ አጃቢ ባለሙያ መድቦ መላክ።

የዚህ ጥያቄ ጥቅም በትክክለኛው መልስ ብቻ አይገኝም። እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ በእውነት የሚፈጸም ስሕተት ነው። የመጀመሪያው የሕመምተኛዋን ስያሜ እንደ ምርመራ ውጤት መውሰድ ነው። ሁለተኛው አስቸኳይነትን አለመለየት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ቅን ሐሳብ ያለው ነርስ የሚሠራው ስሕተት ነው። «ቶሎ ትድረስ» ብሎ ባዶ እጇን የላካት እናት በመንገድ ላይ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች፤ በአምቡላንሱ ውስጥም ማግኒዚየሙን የሚያዘጋጅላት አይኖርም። አራተኛው አማራጭ ስለምን እንደሚሻል የተረዳ ተማሪ በሌላ ቀን በሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ ደም እየፈሰሳት በምትላክ ወላድ ላይ፣ ያንኑ መርሕ ይጠቀማል፦ ከመላክ በፊት መጀመር ያለበትን መጀመር።

ይህም ቢሆን ወረቀት ወሰን አለው። ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የሙያ ብቃትን በአራት እርከን መድቦ ነበር፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ መፈጸም። የምርጫ ጥያቄ ምንም ያህል ቢረቅቅ ከሁለተኛው እርከን አያልፍም። ሮናልድ ሃርደን በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው በየጣቢያው እየዞሩ የሚፈተኑበት የተግባር ምዘና የተፈለገውም ሦስተኛውን ለመድረስ ነው። አራተኛው እርከን የሚገኘው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥራዙን የያዘ ተማሪ የተግባር ልምምድ ሰዓቱን ሰውቶ ጥያቄ ለመሥራት ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ ላይኛውን እርከን ሸጦ ታችኛውን እየገዛ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ለአዘጋጁ፣ ለመምህሩ፣ ለተማሪው

ጥራዝ የሚያዘጋጅ ሰው ከሺህ ጥያቄ መቶ መርጦ ለእያንዳንዱ የሦስት መስመር ምክንያት ቢጽፍ፣ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በሽፋኑ ላይ ቢያኖር፣ የመጠንና የቱቦ ቁጥር በተጠቀሰበት ሁሉ መነሻውን ቢገልጽ ሥራው ከነጋዴነት ወደ መምህርነት ከፍ ይላል። ስሙን የጻፈ ሰው ለስሕተቱ ይጠየቃል፤ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ይጠነቀቃል።

መምህሩ ጥራዞቹን በማገድ አይረታቸውም። በክፍል ውስጥ ገልጦ አንዱን ጥያቄ ከተማሪዎቹ ጋር ቢበልት፣ «መልሱ ቢ የማይሆነው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያው ጥራዝ የትርጓሜ ቤት ይሆንለታል። በዕለታዊ የክፍል ዙር ላይም ከጥራዙ የተወሰደ አንድ ጥያቄ በአልጋው አጠገብ ቢነሣ፣ ተማሪው በወረቀት ላይ ያየው ቁጥር በሰው ላይ ምን እንደሚመስል ያያል።

ተማሪው በበኩሉ አንድ ልማድ ቢይዝ ይበቃዋል። ፊደል ካከበበ በኋላ ሳያልፍ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ይህ ስለምን ትክክል ሆነ? ከጥያቄው ውስጥ የትኛው ቃል ቢለወጥ መልሱ ይለወጣል? ይህን ሕመምተኛው በራሱ ቋንቋ ቢነግረኝ እንዴት ይለዋል? ሦስቱን መመለስ ያልቻለበትን ጥያቄ፣ ፊደሉን ቢያገኘውም እንኳ፣ እንዳላወቀው ይቁጠረው።

የፈተናው ወረቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተሰብስቦ ይታሸጋል። ምች መታኝ የምትለው እናት ግን ፈተናው ካለፈ በኋላ በማይታወቅ ሌሊት ትመጣለች፤ አራት አማራጭም ይዛ አትመጣም። በዚያች ሰዓት ነርሱ የደም ግፊት መለኪያውን ካነሣ፣ የሸመደደው ነገር ወደ ዕውቀት ተለውጦ ነበር ማለት ነው።